ፍሬን የያዝኩበት ቦታ

አሰላሙ አለይኩም እማዬ፣ እንዴት ነሽልኝ? ጉልበትሽ ተሻለሽ? አባዬስ ሳሉ ለቀቀው? ላሟስ ወለደች? እኔ አልሃምዱሊላህ፣ ደረቴን ነፍቼ ነው የምሄደው። በስልክ ስናወራ ስለምታለቅሺ ወሬውን ሳልጨርስ ይዘጋል፤ ለዚህ ነው የጻፍኩልሽ። መርዋ፣ ስታነቢላት አንድም መስመር እንዳትዘይ።

«ተባሯል አሉኝ፣ ይቅርታ ጠይቆ ይመለስ» ያልሽው ደርሶኛል። አልተባረርኩም፣ ታገድኩ እንጂ። ይቅርታ ደግሞ አልጠይቅም። ከፉሪ እስከ ጎፋ እንደኔ መሪ የሚይዝ ካለ ይምጣ። ሁለት ዓመት ስነዳ ሰው ቀርቶ የሰው ስፖኪዮ አልነካሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዘንድሮ አስራ አንዱም ሚኒባሶቻችን ላይ ጂፒኤስ ተገጠመ። የት እንዳለን፣ በስንት እንደምንነዳ፣ ፍሬን እንዴት እንደምንይዝ ሁሉን ይመዘግባል። መንገዱን የሚያጠኑ ሰዎችም ያዩታል። እኔ ችሎታዬን የሚያይ መጣ ብዬ ደስ አለኝ። ወሩ ሲያልቅ አለቃችን ሞልቱ ቢሮ ጠራኝና ወረቀት ሰጠኝ። አርባ አንድ ጊዜ ድንገተኛ ፍሬን ይዘሃል፣ ከሁሉም ሾፌር የበዛው ያንተ ነው፣ በግዴለሽነት መንዳቴን አምናለሁ ብለህ ፈርምና ሳምንት አርፈህ ተመለስ አለኝ። አንደኛ የወጣው በፍቃዱ ነው። እሱ አንድም የለበትም፤ ፎቶውን ግድግዳ ላይ ሰቅለውለታል።

እማ፣ አርባ አንዱም አንድ ቦታ ላይ ነው። ለቡ ጋ መንገዱን አስፍተው ዜብራ ሳይቀቡለት ሄዱ። አባባ ጉርሜሳ የሚባሉ የአገሩ ገበሬ ቤታቸው ወዲህ፣ ማሳቸው ወዲያ ቀረ። ጠዋት ላሞቻቸውን ይዘው ሲሻገሩ ተማሪው ላሞቹን ተከልሎ አብሮ ይሻገራል። ላሞቹ ካለፉ በኋላ የዘገየው ልጅ አሸዋ ከሚያራግፈው ገልባጭ ጀርባ ዘሎ ይወጣል። ቀስ ብለሽም ብትነጂ ፍሬን ካልያዝሽ አለቀልሽ።

ይሄንን ስነግረው ሞልቱ ሳቀብኝ፤ ከስምንተኛ ያቋረጠ ልጅ ለኮምፒውተር መልስ አለው አለ። መንገዱን የምታጠናው ኢንጂነር ሄርሜላ ላፕቶፗን ከፍታ እዚያው ተቀምጣ ነበር። እስቲ የሁሉንም ሾፌር እዚያ ቦታ ላይ አሳዪን አልኳት። ከፈተችው። ጠዋትና ተማሪ ሲለቀቅ ቦታው በቀይ ነጥብ ተሞልቷል። አስር ሾፌር እዚያ ፍሬን ይይዛል። የሌለበት በፍቃዱ ብቻ ነው።

በፍቃዱም በር ላይ ቆሞ ነበርና «ክላክስ ለምን ተሠራ? ነፋ ሳደርገው ራሳቸው ይመለሳሉ» ብሎ ሙድ ሊይዝብኝ ሞከረ።

«ጋሽ ሞልቱ፣ የሸለማችሁት ለሰው የማይቆመውን ነው» አልኩት።

ሄርሜላ ጎበዝ ናት። ነጋ ሲል መጥታ አባባ ጉርሜሳ አጠገብ ቆማ የሚሻገረውን ሰው ቆጠረች። ይሄ የሾፌር ጥፋት ሳይሆን የመንገዱ ነው ብላ ጻፈች። ባለፈው ሐሙስ ዜብራውን ቀቡት፣ ገልባጮቹንም ከዚያ አስነሱ። በእኔ ፍሬን የመጣ ዜብራ ነው እያልኩ ለሰፈሩ ሁሉ አውርቻለሁ፣ አላፍርም።

ሞልቱ ግን አሁንም ወረቀቱ ለፎርማሊቲ ነው፣ ፈርምና ሰኞ ግባ ይለኛል። እሱ እንዳያፍር ብሎ ነው። እስከዚያ ለቡ ብሎኬት አወርዳለሁ፣ ጀርባዬ አልሞተም። እማዬ፣ ሳልፈርም ካስገባኝ እገባለሁ። ፈርሜ ከገባሁ ግን ልጅ ፊቴ ዘሎ ሲገባ እግሬ ፍሬኑን ይፈራል። ስለዚህ ፈርም አትበይኝ።

አባዬን ጉልበቱን ስሚልኝ። ኑሪ ትምህርቱን እንዳያቋርጥ፣ እኔን አይቶ እንዳይጀነን። አክስቴ ሐሚዳን ዱዓ አድርጊልኝ በይልኝ። መርዋ፣ አንቺንም ሰላም ብያለሁ፣ የዘለልሽው ካለ ተመልሰሽ አንብቢላት።

ልጅሽ ኢስማኢል
ለቡ፣ አዲስ አበባ
የካቲት 9 ቀን 2018 ዓ.ም.