በበረዶው ሥዕል ጥግ ስላለው ባለ አንድ ዓይን ሰው

እኔ ወልደ አማኑኤል እንግዳሸት፣ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊው የአለቃ እንግዳሸት ልጅ፣ ዛሬ እሑድ የካቲት ፭ ቀን ፲፱፻፶፱ ዓመተ ምሕረት፣ ከስቶክሆልም በስተደቡብ ሁዲንጌ በሚገኘው ቤቴ፣ አልጋዬ ላይ በትራስ ተደግፌ ተቀምጬ ይህን የመጨረሻ ቃሌን እሰጣለሁ። ሳንባዬ ታሟል፤ አእምሮዬ ግን ጤነኛ ነው። ሐኪሙ ይህን ለማረጋገጥ ትናንት «ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» ብሎ ቢጠይቀኝ «በእኛ አቆጣጠር ነው ወይስ በእናንተ?» ብዬ መለስኩለት፤ ሥቆ ወረቀቱ ላይ ፈረመ።

ቃሌን የሚጽፈው እዚህ አገር ሕግ የሚያጠናው ብርሃነ መስቀል ነው። የምናገረውን ሁሉ ሳታሳምር ጻፍ፣ በመካከል የሚናገር ሰው ካለም የእሱንም ጻፍ ብዬዋለሁ። ልጄ መነን ከአልጋው ግርጌ ተቀምጣለች። አማርኛ ትሰማለች፤ የምትመልስልኝ ግን በስዊድንኛ ነው። ጥፋቱ የእሷ አይደለም፤ አፏን በምትፈታበት ዕድሜ እኔ በየዓመቱ ከመጋቢት እስከ ሰኔ ሰሜን ዋልታ አካባቢ በረዶ ላይ ተቀምጬ ድብ እጠብቅ ነበር።

የመጀመሪያዋ ምስክር ጎረቤቴ ወይዘሮ ሄድቪግ ናቸው። አማርኛ አንዲት ቃል አያውቁም። የዚህ አገር ሕግ ምስክር ወረቀቱ ኑዛዜ መሆኑን ይወቅ እንጂ ምን እንደተጻፈበት ይወቅ ስለማይል፣ ሹራባቸውን እየሠሩ ይጠብቃሉ። እኔ ባደግሁበት ግን ምስክር ማለት የሰማ ሰው ነው። ስለዚህ ሁለተኛዋ ምስክር አማርኛ የምትሰማ እንድትሆን ፈልጌ የምታስታምመኝን ነርስ አስካለ ማርያምን አስጠርቻለሁ፤ በባቡር እየመጣች ነው።

፩ኛ፤ ሬሳዬን ወደ አገር ቤት ለመላክ ማንም እንዳይደክም። እዚሁ ሁዲንጌ ከሚስቴ ከብሪታ ጎን ቅበሩኝ። አሥራ ስድስት ዓመት በትዳር ስንኖር የዚህን አገር ጸደይ አንድም ጊዜ አብሬያት አላየሁም። አትክልቱን ብቻዋን ተክላ፣ ብቻዋን አጠጥታ፣ እኔ ስመለስ «አምልጦሃል» ትለኝ ነበር። ካህን ከተገኘ ፍትሐት ይደረግልኝ፤ ካልተገኘ መነን ዳዊት ትያዝና ዝም ብላ ትቁም።

፪ኛ፤ ደብረ ማርቆስ ላለችው እህቴ ለወርቅውሃ በአባታችን ቤትና መሬት ያለኝን ድርሻ ሁሉ ሰጥቻለሁ። ካርታ ሥራ ተምሬ በሦስት ዓመት ልመለስ ነበር የወጣሁት። በሁለተኛው ዓመት የበረዶ ውፍረት የሚለኩ ሳይንቲስቶች ፎቶግራፍ የሚያነሣ ሰው ፈልገው ሰሜን ዋልታ አጠገብ ወዳለው ደሴት ወደ ስፒትስበርገን ወሰዱኝ፤ በዚያው ቀረሁ። አባታችንን ጦራ የቀበረችው እሷ ናት። እኔ ከሩቅ ሆኜ የነጭ ቀበሮ ፎቶግራፍ በፖስታ እልክላቸው ነበር። አባቴ ተቀብሎ «ዓይኖቹ ጥሩ ናቸው» ብሎ አጻፈልኝ፤ ከእሱ ያገኘሁት የመጨረሻ ቃል ይኸው ነው።

፫ኛ፤ ትልቁን ካሜራዬን ከነሌንሶቹ ለጸሐፊዬ ለብርሃነ መስቀል ሰጥቻለሁ። ይህን ሲሰማ ብዕሩን አንሥቶ «ጋሼ፣ ለእኔ ከሰጡኝ እኮ እኔ ምስክር መሆን አልችልም፤ ሕጉ የሚወርስ ሰው ይመስክር አይልም» አለኝ። «አስካለ ማርያም እየመጣች አይደለም ወይ? ጻፍ» አልኩት። አንተ ልጅ፣ ወደ ብርድ አገር ከሄድክ የካሜራውን መዝጊያ ዘይት አስጠርገው፤ ዘይቱ ይረጋል። ፊልሙን ቀስ ብለህ አዙር፤ ይሰበራል። ካሜራውንም ከውጭ ወደ ሙቅ ቤት በአንድ ጊዜ አታስገባው። ከሁሉ በላይ አብሮህ የሚቆመውን ሰው እጁን እይ። ለምን እንዳልኩህ ወደ ታች ትጽፈዋለህ።

፬ኛ፤ ቤቱን፣ ዘጠኝ ሺህ ያህል ፎቶግራፍ ያለበትን ፊልም ሁሉ፣ ብራና ላይ የሣልኳቸውን ሥዕሎችና የአባቴን ሁለት ብሩሾች ለልጄ ለመነን አውርሻለሁ። በዘጠኝ ሺሁ ውስጥ የአንቺ ፎቶግራፍ አሥራ አንድ ብቻ ነው፤ ትናንት ቆጠርኩት። ይህን የምነግርሽ እንድታዝኚልኝ አይደለም። ቆጥረሽ ሳትደርሺበት ከእኔ አፍ ብትሰሚው ይሻላል ብዬ ነው።

ትንሽ ውኃ ስጡኝ።

፭ኛ፤ የኑዛዜዬ ዋና ነገር ይህ ነው፤ ያለፈው ሁሉ ዕቃ ነው። አባቴ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ሲሥል ጻድቁን ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ፣ ኃጥኡንና ሰይጣኑን በጎን በአንድ ዓይኑ ያደርግ ነበር። ፊደል ያልቆጠረ ሰው እንኳ ከደጅ ሲገባ ማን ከማን ወገን እንደሆነ ያውቃል። እኔም ይህን ሥርዓት ይዤ በረዶው አገር ገባሁ። እንስሳ ኃጢአት የለበትም፤ ስለዚህ በጎኑ አልሥለውም፣ በካሜራም አላነሣውም አልኩ። ድቡም፣ ቀበሮውም፣ አጋዘኑም ፊቱን እስኪያዞርልኝ ድረስ በሆዴ ተኝቼ እጠብቃለሁ። የስዊድን ባልደረቦቼ ይሥቁብኝ ነበር። ሥራዬን ግን ወደዱት፤ «የአንተ እንስሳት ሰውን ያዩታል» አሉኝ።

በ፲፱፻፶፪ ዓመተ ምሕረት ሚያዝያ ላይ ገብረ ወልድ ደስታ የሚባል የአገሬ ልጅ አብሮኝ ስፒትስበርገን ሄደ። የሥነ ምድር ተማሪ ነበር፤ የቄስ ልጅ፣ ሃያ አራት ዓመቱ፣ ሲሥቅ ፍንጭቱ የሚታይ። ጓንቱን እያወለቀ ፊልም የሚቀይርልኝ እሱ ነበር። ትርፍ ካሜራውን አንገቱ ላይ አንጠልጥዬለት «ካላልኩህ እንዳትነካው» ብዬዋለሁ።

በዘጠነኛው ቀን አንዲት እናት ድብ አየን። በጎኗ ቆማለች፤ አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ ቀና አድርጋ፣ ልጇን ከሆዷ ሥር አስጠግታ። ብርሃኑ በልጅነቴ አባቴ ወርቅ ሲቀባ የማየው ዓይነት ነበር። «ጋሼ፣ ያንሷት እንጂ፣ ትሄዳለች!» አለኝ። «ትዞራለች፣ ጠብቅ» አልኩት። ሦስት ሰዓት ጠበቅን። በመጨረሻ ቅጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ገብረ ወልድ ጓንቱን አውልቆ በባዶ እጁ አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ተጭኖ ነበር። ድቧም ፊቷን ሳታሳየን ልጇን ይዛ ሄደች።

«አንድ ዓይን አድርገህ አነሣሃት! ሰይጣን አደረግሃት!» ብዬ ጮኽሁበት። እሱ ጣቶቹን ያይ ነበር። በብርዱ ነጥተው ነበር። ኖርዌይ ትሮምሶ ከተማ ስንደርስ ከቀኝ እጁ ሁለት ጣቶች ተቆረጡ።

ፊልሙ ሲታጠብ አሳታሚው ከአራት መቶ ፎቶግራፍ መካከል የመረጠው ያንኑ ነው። ከሥሩ የእኔን ስም አደረጉበት። ማን እንዳነሣው የጠየቀኝ የለም፤ እኔም ያልጠየቁኝን አልመለስኩም። በስድስት ወር ውስጥ በየመጽሔቱ ወጣ፤ በእሱም ታወቅሁ። ገብረ ወልድ እጁ እንደተጠቀለለ እዚህ ቤት መጣና «ጋሼ፣ ስሙ ይቅርብኝ። እርስዎ ብቻ የእኔ መሆኗን ይመኑልኝ» አለኝ። ከዚህ ያነሰ ነገር የጠየቀኝ ሰው በዕድሜዬ አላጋጠመኝም። አፈርኩ፤ ማፈሬንም በቁጣ ሸፍኜ «ውጣልኝ» አልኩት።

ይህም አልበቃኝም። በዚያው ዓመት «የበረዶው አገር» የተባለውን ትልቁን ሥዕል ሠራሁ፤ አሁን ያገራችን ሰዎች ማኅበር በሚሰበሰብበት አዳራሽ የተሰቀለውን። እንስሳቱ ሁሉ ሁለት ሁለት ዓይን አላቸው። በቀኙ ጥግ ካሜራ የያዘ ሰው አለ፤ በጎኑ ነው፣ አንድ ዓይን ብቻ አለው፣ ፍንጭቱም ይታያል። ስዊድኖቹ አጨበጨቡ። የአገሬ ሰዎች ግን በሚቀጥለው ፋሲካ ማግስት ገብተው ሲያዩ ሰውየውን በፍንጭቱ ለዩት። ገብረ ወልድም ገባ፣ አየ፣ ኮቱን ሳያወልቅ ተመልሶ ወጣ። ከዚያ ወዲህ በማኅበሩ ደጅ አልታየም። ሰዎች ሲያነሡት «ባለ አንድ ዓይኑ» ማለት ጀመሩ፤ እኔም እየሰማሁ ስድስት ዓመት ዝም አልኩ።

ስለዚህ የድቧ ፎቶግራፍ የገብረ ወልድ ደስታ እንጂ የእኔ አለመሆኑን አውጃለሁ። ከእንግዲህ በታተመበት ሁሉ ስሙ ይጻፍበት። ዋናውን ፊልም ለእሱ ሰጥቻለሁ። ሥዕሉንም ለእሱ ሰጥቻለሁ፤ ቢፈልግ ይፋቀው፣ ቢፈልግ ያቃጥለው። እኔ ራሴ ልፍቀው ብዬ ባለፈው መስከረም መሰላል ላይ ወጥቼ ነበር፤ ሳሉ አወረደኝ። ሁለት ጊዜ ደብዳቤ ጻፍኩለት፤ አልመለሰልኝም። አልፈርድበትም።

እዚህ ላይ መነን ከመቀመጫዋ ተነሥታ «ፓፓ፣ ኔይ! ኦክ ቡከን?» አለች። መጽሐፉስ ማለቷ ነው። በመጪው መስከረም የሥራዎቼ ትልቅ መጽሐፍ ይታተማል፤ ሽፋኑ ያቺ ድብ ናት። «ስምህን በገዛ እጅህ ነው የምታጠፋው፤ የምሸከመው እኔ ነኝ» ብላም በቋንቋዋ ጨመረች። እውነቷን ነው። ልጄ፣ ከእኔ የቀረሽ ስሜ ብቻ መሆኑን አውቃለሁ፤ እሱንም እያጎደልኩብሽ ነው። ግን እኔ አሁን የምፈራው ሽፋኑን አይደለም። የምፈራው ያን ባለ አንድ ዓይን ሰው እውነቱን ሳልናገርለት ይዤው እንዳልሞት ነው።

ስልኩ ጮኸ። አስካለ ማርያም ናት፤ በረዶው ባቡሩን አቁሞባት ዛሬ መድረስ አትችልም። ብርሃነ መስቀል አንድ ምስክር ጎደለን፣ ለሌላ ቀን ይተላለፍ አለኝ። ሌላ ቀን ይኖረኝ እንደሆነ አላውቅም አልኩት።

በዚህ ጊዜ መነን አንገቷን ደፍታ በሩን ከፈተች። ገብረ ወልድ ኮቱን እንደለበሰ ኮሪደሩ ላይ ቆሟል። ለካ ጠዋት ስልክ ደውላ የጠራችው እሷ ናት፤ እኔ ይህን ሁሉ እናገራለሁ ብላ ሳይሆን፣ ተኝቼ ስሙን ስጠራ ሰምታ ነው።

«ግማሹን ከውጭ ሰምቻለሁ። ከመጀመሪያው ያንብብልኝ» አለ። ብርሃነ መስቀል አነበበለት። ጎንበስ ብሎ መሬቱን እያየ ሰማ። ሲያበቃ «ይቅር በለኝ፣ ልጄ» አልኩት። እሱ ወደ ጸሐፊው ዞሮ «ምስክር ጎድሏል ነው ያልከው?» አለው።

«ጎድሏል። ግን እርስዎ ከፈረሙ ፊልሙንም ሥዕሉንም አይወርሱም። ለምስክር የተሰጠ ነገር ይፈርሳል።»

«ይፍረስ። ምስክር እሆናለሁ።»

«ጋሼ ገብረ ወልድ፣ ያስቡበት እንጂ። በራስዎ እጅ ያነሷት ናት።»

«ያነሣኋት እኔ መሆኔን እኔ አውቃለሁ። ጎድሎኝ የነበረው ይህ ሰው ሲናገር መስማት ነው። ሥዕሉም አይቃጠል። እዚያው ይሰቀል፤ ይህ ቃል ግን በአማርኛ ተጽፎ ከሥሩ ይለጠፍ። ባለ አንድ ዓይኑ ያሉኝ ሁሉ ቆመው ያንብቡት።»

ስለዚህ አምስተኛውን ቃሌን እንዲህ ብዬ አሻሽያለሁ፤ ፊልሙና ሥዕሉ የመነን ይሁኑ፤ እሷም እሱ እንዳለው ታድርግ። መነን ሰምታ «ዮ» አለች፤ እሺ ማለት ነው። ከዚያም በተሰባበረ አማርኛ «አደርጋለሁ፣ አባዬ» ብላ ደገመችው።

ገብረ ወልድ ብዕሩን በቀሩት ሦስት ጣቶቹ ሲይዘው አየሁ። ያን ቀን በረዶው ላይ ማየት የነበረብኝ ድቧን አልነበረም። አለቀስኩ፤ ይህንንም ጻፍ ብዬዋለሁ። ከዚህ በላይ መናገር አልችልም፤ ደክሞኛል።

ተናዛዥ፦ ወልደ አማኑኤል እንግዳሸት፣ በሁለቱ ምስክሮች ፊት በእጄ ፈርሜያለሁ።

ጸሐፊ፦ ብርሃነ መስቀል፣ የተባለውን ሳልጨምር ሳልቀንስ ጽፌያለሁ።

የመጀመሪያዋ ምስክር፦ ሄድቪግ ኤክማን፣ ኑዛዜ መሆኑ ተነግሮኝ ፈርሜያለሁ። ያለቀሱበትን ምክንያት አላወቅሁም።

ሁለተኛው ምስክር፦ ገብረ ወልድ ደስታ። ሰምቻለሁ፤ እኔም እዚያው ስለነበርኩ እውነት መሆኑን እመሰክራለሁ። ስለ ይቅርታው ዛሬ የምለው የለኝም። ሐሙስ ከሥራ ስወጣ ተመልሼ እመጣለሁ፤ ጋሼ፣ እስከዚያ እንዳይሞቱ አደራ።