«አለቀላት» የተባሉት አባታችን

ለተከበሩ ወንድሜ ለጋሼ አላ ወሳያ፤

የናፍቆት ሰላምታዬ ከማርዳን ተነሥቶ ሌያ ደጃፋችን ድረስ ይድረስዎ። እንደምን ሰንብተዋል? ወገብዎን የሚይዝዎት ሕመም ተሻለዎት ወይስ አሁንም ጎንበስ ሲሉ ያስቸግርዎታል? የአባባ ስፌት እንዴት አደረ? ማሳከክ ከጀመረ መዳኑ ነው ይላሉ እዚህ ያሉ ሰዎች፤ ታዲያ ጀምሯል? እማማስ ከሙልታን ሆስፒታል የመልስ መንገድ ድካሙ ወጣላት? የቤታችን ጎሽስ ወለደች? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደኅና ነኝ፤ አልሐምዱሊላህ።

ጋሼ፣ ባለፈው ሐሙስ በስልክ ስንገናኝ ስቅስቅ ብዬ ሳለቅስ «አንተ ልጅ፣ አባባ ድነዋል እያልኩህ ታለቅሳለህ? ምን ነካህ?» ብለው ተቆጥተውኝ ነበር። በሰው ስልክ እየተናገርኩ ስለነበር ነገሩን ማስረዳት አልቻልኩም። የዚያን ቀን ነገር አሁን በጽሑፍ እገልጽልዎታለሁ። ከአራተኛ ክፍል ያላለፈ እጅ የጻፈው ስለሆነ ፊደሉ ቢጣመምብዎ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ሐሙስ ማለዳ ነዳጅ ማደያ ቆሜ መኪናዋን ሳስሞላ፣ የመኪናዋ ባለቤት ሸርዛማን ካን በሌላኛው መኪናው ወደ ፔሻዋር ሊወጣ ከመንገዱ ማዶ ደረሰ። ይህ ሰው አፉን የፈታው በፓሽቶ ነው። በኡርዱ ሲያናግረኝ ወንዱን ሴት፣ ሴቱን ወንድ ያደርገዋል፤ እናቱን «እሱ»፣ ጺሙን «እሷ» ይላል። ታዲያ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «ፑንጃቢ! ማታ ወንድምህ ደውሎ ነበር! አባትህ አለቀላት! አይዞህ፣ ስመለስ እናወራለን!» ብሎ ጮኸና እጁን አውለብልቦ ሄደ። ደግሞም ፈገግ ብሎ ነበር።

በእኛ አገር ስለ ታመመ ሰው «አለቀለት» ከተባለ በኋላ የሚጠየቅ ነገር እንደሌለ እርስዎ ያውቃሉ። የሚቀረው ከፈን መግዛት ነው። «አለቀላት» ማለቱን እንደ ልማዱ ቆጠርኩት፤ ፈገግታውንም የእነዚህ ሰዎች ልብ ከምን ቢሠራ ነው ብዬ ታዘብኩት። ስልኬ ቦይ ውስጥ ከገባች ወዲህ የእርስዎ ቁጥር ከእጄ ጠፍቷል። ያን ጊዜውኑ ብነሣ እንኳ ሌያ የምገባው ሲመሽ ነው፤ ቀብሩ ግን ከከሰዓቱ የዐሱር ሶላት አያልፍም ብዬ አሰብኩ። ተሳፋሪዎቹ ገብተው ተቀምጠዋል። መሪ ከጨበጥኩ ገና ጥቂት ወር ስለሆነኝ፣ ጉዞውን ብሰርዝ ሥራዬን የምነጠቅ መሰለኝ። ፈራሁ፤ ፈርቼም ሞተሩን አስነሣሁ።

የጫንኳቸው ጡረታ የወጡት መምህር ሚርዳድ፣ ሥጋ ሻጩ ሐጂ ዛሪፍና ሌሎች ጓደኞቻቸው ነበሩ። መከር በገባ ቁጥር ተሰባስበው ስዋት ድረስ ሄደው የጥንት ፍርስራሽ አይተው ሲመሽ ይመለሳሉ። መምህሩ የሚሄዱት ለድንጋዩ ነው፤ ሐጂ ዛሪፍ ደግሞ መንገድ ላይ ለሚበላው የከባብ ጥብስ። የማላካንድን ዳገት ስንይዝ ሐጂ «መምህር፣ ድንጋይ ለማየት ይህን ሁሉ መንገድ ምን አመጣን? የተማሪዎችዎ ጭንቅላት አልበቃዎትም?» ቢላቸው፣ «ያንተን ካየሁ ወዲህ እኮ ነው የተጠረበ ድንጋይ የናፈቀኝ» አሉት። ሁሉም ሳቁ። እኔ የአባባ ጫማ ደጃፍ ላይ ባዶውን ተቀምጦ ይታየኝ ነበር። ሐጂም ትከሻዬን ነካ አድርጎ «ይሄ ፑንጃቢ ዛሬ አፉን ቤቱ ጥሎት ነው የመጣው? ቢያንስ ዘፈን ክፈትልን!» አለኝ። ማጫወቻው ተበላሽቷል ብዬ ዋሸሁ።

ባሪኮትን አልፈን ወደ አምሉክ ዳራ ሸለቆ ገባን። ዛፎቹ ላይ አምሉክ የሚባለው ፍሬ ቀልቶ ተንጠልጥሏል። የቡድሃ መነኮሳት ገዳም የነበረው ቦታ ከሸለቆው ራስ ላይ ነው፤ ትልቁ የድንጋይ ጉልላት አሁንም ቆሟል፤ አጠገቡም እያንዳንዱ መነኩሴ ብቻውን ይኖርባቸው የነበሩ ጠባብ ክፍሎች ግድግዳቸው ቀርቷል። ሰዎቹ ጉልላቱን ሊዞሩ ሲሄዱ እኔ ከክፍሎቹ አንዱ ውስጥ ገባሁ። እግሬን ብዘረጋ የወዲያውን ግድግዳ ይነካል። እዚያ ኩርምት ብዬ፣ ከማለዳ ጀምሮ ያፈንኩትን ለቀቅሁት።

ሐጂ ዛሪፍ እያለከለከ መጥቶ «አንተ፣ መኪናዋን ቆልፈሃታል?» ሊል ጀምሮ ፊቴን ሲያይ «ምን ሆነሃል?» አለኝ። «አባቴ ሞቱ» አልኩት። ያ ሲቀልድ የዋለ ሰው ወዲያው ከድንጋዩ ላይ ቁጭ አለና መዳፎቹን ዘረጋ። መምህሩና ሌሎቹም ተጠርተው መጡ። የቦታው ጠባቂ ካካ ጉልራንግም መጥረጊያውን ጥሎ መጣ። ሁሉም በዚያች ጠባብ ክፍል ዙሪያ ተቀምጠው እጃቸውን አንሥተው ለአባባ ፋቲሐ አደረጉ። ጋሼ፣ የማያውቋቸው ሰዎች የአባታችንን ስም ጠይቀው፣ «ጂንድ ዋዳ» የሚለው ስም ለምላሳቸው እያስቸገራቸው ጸለዩላቸው። እኔም አሚን አልኩ። ካካ ጉልራንግ ከቤቱ ሻይና ዳቦ አስመጣ፤ በሦስተኛው ቀን ማርዳን ድረስ ለለቅሶ እንደሚመጣም ነገረኝ። አይገባም ስለው «እንግዳ ሆነህ አባትህን ያጣኸው እኛ ዘንድ ነው፤ የእኛ ሐዘን ነው» ብሎ ቆጣ አለ።

መምህር ሚርዳድ ጉዞው ይቅር አሉ። ኋላ ግን ሸለቆው ውስጥ የስልክ መስመር ስለሌለ፣ ኡዴግራም ምሽግ ከፍታ ላይ ወጥተን ለሸርዛማን እንድንደውልና ማታውኑ ወደ ሌያ እንዲሰደኝ እንድንጠይቅ ወሰኑ። ሐዘንተኛ አይነዳም ብሎ መሪውን ሐጂ ዛሪፍ ያዘ። ማርሽ በለወጠ ቁጥር ሁላችንም በአንድነት እንሰግድ ነበር። «ሐጂ፣ አንድ ሞት አይበቃንም?» ይሉታል ከኋላ።

ምሽጉ የተራራው ወገብ ላይ ነው። ቅጥሩ ፈርሶ ደረጃው ብቻ ወደ ሰማይ የወጣ ይመስላል። እላይ እንደደረስን መምህሩ ከመኪናዋ በር ላይ የገለበጡትን የሸርዛማንን ቁጥር ደወሉና ድምፁን ለሁላችንም ከፈቱት። አምስት ወር ሰምቼ የለመድኩት ፓሽቶ ስለሆነ ንግግሩን ተከትዬዋለሁ። መምህሩ «አንተ ሰው፣ አላህን አትፈራም? ልጁ አባቱ ሞተውበት ዳገት ለዳገት ታስነዳዋለህ?» አሉት። ሸርዛማን «ማን ሞተ?» አለ። «የሹፌርህ የረብናዋዝ አባት ነዋ!» «ኧረ! መቼ ሞቱ? ትናንት ማታ እኮ ደኅና ነበሩ!» «አንተው አይደለህ የነገርከው?» «እኔ? እኔ አለቀላት ነው ያልኩት!» ብሎ ወደዚያ ኡርዱው ገባ፤ «ኦፕሬሽኗ በሰላም አለቀላት፣ የሆዷም ጠጠር ወጣላት!»

መምህሩ ግንባራቸውን በመዳፋቸው መቱ። «ታዲያ 'በሰላም' የምትል አንዲት ቃል ብትጨምር ምላስህ ይቆረጥ ነበር?» አሉት። እሱም ተቆጥቶ «ስቄለት የለም እንዴ! ሰው አባቱ ሞቶ የሚስቅለት አለ?» አለ። እኔ ከቅጥሩ ሥር ተቀመጥኩ። ሸርዛማን የእርስዎን ቁጥር ሲልክ የደወለልኝ ሐጂ ነው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ያውቁታል። ስልኩን ለአባባ ሲሰጧቸው፣ እንዴት ነህ እንኳ ሳይሉ «እነዚህ ሰዎች ጨው የሌለው ሾርባ ያጠጡኛል፤ ለወንድምህ ንገርልኝ» አሉኝ። ጋሼ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ጣፋጭ ስሞታ ሰምቼ አላውቅም። ያለቀስኩት በዚህ ምክንያት ነው።

ሐጂ ዛሪፍ ከሁሉ ቀድሞ ያሰበው የፋቲሐውን ነገር ነበር። «መምህር፣ የላክነውን ጸሎት አሁን ምን እናድርገው? ይመለሳል?» ብሎ ጠየቃቸው። መምህሩም «እላይ ይቀመጥላቸው፤ እስከዚያው በዕድሜያቸው ላይ ይጨመር» አሉ። እዚህ ያሉት ሰዎች በሕይወት ሳለ ሞተ የተባለ ሰው ዕድሜው ይረዝማል ብለው አጥብቀው ያምናሉ፤ እኔም ከሐሙስ ወዲህ አብሬያቸው አምናለሁ።

ስንመለስ ካካ ጉልራንግ ለለቅሶ እንዳይነሣ ለመንገር ወደ ሸለቆው እንደገና መግባት ግድ ሆነብን። በሩ ላይ አገኘነው። ለሦስተኛው ቀን ይዞልኝ ሊመጣ ያሰበውን አውራ ዶሮ እግሩን አስሮታል። ነገሩን ሲሰማ ተንበርክኮ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ፤ ከዚያም «የታሰረ ዶሮ አይፈታም» ብሎ ዶሮውን አረደው። ሐጂ ዛሪፍ ከባቡን ረሳው። እኔም ከማለዳ ጀምሮ እህል ስላልቀመስኩ፣ ለአባባ ሞት የታሰበውን ዶሮ በደስታ በላሁ። ወደ ማርዳን ስንመለስ መሪውን ለሐጂ አልሰጠሁትም፤ ማጫወቻውንም ከፈትኩ። «ተበላሽቷል ብለኸን አልነበር?» ቢለኝ፣ «ተሻለው» አልኩት።

ጋሼ፣ አንድ ልመና አለኝ። ከእንግዲህ ስለ አባባ በሰው በኩል መልእክት ሲልኩልኝ፣ መጀመሪያ «በሕይወት አሉ» ይበሉ፤ ሌላው ከዚያ በኋላ ይምጣ። ይህንንም ደብዳቤ ስፌቱ እስኪወጣ ለአባባ አያንብቡላቸው፤ ከሳቁ ቁስሉ ይከፈትባቸዋል።

እማማን እጇን ስሜያታለሁ፤ ለእህታችን ለሳኢራ፣ ለባለቤትዎና ለትንሹ ለሸመስ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። ለጎረቤታችን ለሙላ ዩሱፍም እንዲሁ። ለአባባ ግን በእርስዎ አፍ ብቻ ሳይሆን ጉልበታቸውን ይዘው ሰላም ይበሉልኝ። ስፌቱ ወጥቶ ይህን ሁሉ ሲሰሙ የሚናገሩትን ቃል በቃል ጽፈው ይላኩልኝ። ይቆጡኛል ብዬ እገምታለሁ፤ ቢቆጡም ምንም አያስቀሩ።

ታናሽ ወንድምዎ ረብናዋዝ

ማርዳን፣ ጥቅምት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.