ውጤት የምታይላቸው

ለማከብርህ ወንድሜ ነስረዲን፦ አሰላሙ ዓለይኩም። የመርካቶ ግርግር አይንካህ፤ እኔ ከሶዶ ዝናብ በቀር ደህና ነኝ።

የዶርማችን አንድ ለአምስት የጥናት ቡድን መሪ ሆኜ ተሹሜአለሁ። ፍሬሽ ተማሪ የሚድተርም ውጤቱን በራሱ ዓይን ማየት ስለሚፈራ፣ ውጤት የሚለጠፍበት ሰሌዳ ድረስ ሄጄ፣ አይቼ የምነግረው እኔ ነኝ። የዶርማችን ልጅ ምሕረት ፊዚክስ መውደቋን ስነግራት "ሞትኩ!" ብላ አልጋ ስር ገባች። ጎትቼ አውጥቼ ሬጅስትራር ወሰድኳትና ኮርሱን ድሮፕ አስደርጌ አሰረዝኩላት።

"ያንቺስ የማትስ ውጤት?" አለችኝ ስንወጣ።

"መሪ ሕዝቡን ያስቀድማል" አልኳት።

የድሮፕ ጊዜው ነገ ይዘጋል። የእኔን የሚያይልኝ ግን እስካሁን አልተሾመም፤ ሰሌዳው ላይ የተለጠፈውን ወረቀትም ዝናቡ እያጠበው ነው። አባባ ገሱባ ከተማ ያለው ሱቁ ለመጣ ደንበኛ ሁሉ "ዶክተሯ ልጄ" ይላል አሉ። ስለ ውጤቴ ከጠየቀህ፣ ሰው እየረዳች ነው በለው።

አላህ በሰላም ያገናኘን።

እህትህ ከውሰር