የሦስተኛው ጉድጓድ ቀይ መብራት

ሰኞ፣ መጋቢት 2

ሰይፉ ነው። የሦስተኛውን ጉድጓድ ሞተር ያቃጠለው የውሃ መሥሪያ ቤታችን ኢንጂነር ሰይፉ ነው። መርማሪ ኮሚቴው ዓርብ ሲጠራኝ ሌላ ስም ከአፌ አይወጣም።

ፊደሉ ዛሬም ከመስመር ይወርድብኛል። ይውረድ።

ቅዳሜ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ከኒም ዛፏ ጥላ ስር ተቀምጬ ነበር። መጀመሪያ ሽታው መጣ፣ ጎማ ሲቃጠል እንደሚሸተው። ከዚያ ድምፁ፣ ብረት ብረትን ሲበላ። ጉልበቴን ይዤ እስክነሳ፣ እስክደርስ፣ ከሞተሩ ወገብ ጭስ ይወጣል። ዋናውን ማጥፊያ ወደ ታች ጎትቼ ቆምኩ። ጸጥ አለ። ያ ጸጥታ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ወደ መልካ ጀብዱ መውጫ ያለው ሰፈር በሙሉ ከዚህ ጉድጓድ ነው የሚጠጣው። ጤና ጣቢያውም።

ዛሬ ጠዋት ደብዳቤ ሰጡኝ። ራሴ አነበብኩት። «የሕዝብን ንብረት በቸልተኝነት ወይም በአሻጥር» ይላል። ቸልተኝነት የምትለዋን ቃል ፊደል በፊደል ሁለቴ ሄድኩባት። አሻጥር ግን አንዴ በቃኝ። በዚያ ቃል የገቡ ሰዎች አውቃለሁ፣ ሲወጡ አላየሁም።

ፊደል የቆጠርኩት በሃምሳ ሁለት ዓመቴ በመሠረተ ትምህርት ነው። ለካ እንዲህ ያለውን ለማንበብ ኖሯል።

የሞተሩ መቆጣጠሪያ ሳጥን የመጣው በኅዳር ነው። ግራጫ ብረት፣ በሩ የተቆለፈ፣ ፊቱ ላይ ሁለት መብራትና በጣት የሚጫን ሁለት ቁልፍ ያለው። ሰይፉ እኛን የጉድጓዱን ተረኞች ያስተማረን ቆመን ነው፣ ሻይ እስኪቀዳ ያህል።

አረንጓዴ መብራት ከበራ ደህና ነው።
ቀይ ከበራ ሞተሩ ቆሟል። ጥቁሩን ቁልፍ ይጫኑ፣ አምስት ይቁጠሩ፣ አረንጓዴውን ይጫኑ።
የዕለቱ ቅጽ ላይ «ደህና» በሚለው ፊት ምልክት ያድርጉ።

«ቀዩ የሚበራው ለምንድን ነው?» አልኩት።

«እርስዎ አይጨነቁ፣ ማሽኑ ራሱ ያውቃል» አለኝ።

አንቱታው ነው ያናደደኝ። ድሬዳዋ ላይ አንቱ የሚልህ ሰው ወይ እንግዳ ነው፣ ወይ ሊያስወጣህ ነው።

አንድ ነገር ሳልጽፍ ዘለልኩ። ነገ።


ማክሰኞ፣ መጋቢት 3

ውሃ በቦቴ መኪና መጣ። ለአንድ ቤት ሁለት ጀሪካን። ሰልፉ ከቦኖው እስከ ወፍጮ ቤቱ ደርሷል። እኔም ጀሪካኔን ይዤ ከኋላ ቆምኩ። መደበቅ አይሆንልኝም።

ጎረቤቴ ሐዋ ከፊት ሆና አየችኝ። «አንቺ ተዋበች! ሞተሩን በጾም ጠብሰሽ በላሽው አሉ!»

ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። «አቦ ተያት፣ ጥብሱ ገና ከጉሮሮዋ አልወረደም» አለች ሌላዋ። ያቺ ሌላዋ የጤና ጣቢያው ማዋለጃ ክፍል ጽዳት ሠራተኛ ነች። ሳቋን ስትጨርስ ቀስ ብላ «ዛሬ ሁለት ሴቶች ወልደዋል፣ ጨርቁን የምናጥብበት የለንም» አለችኝ። ይሄኛው ከስድቡ በላይ ገባኝ።

ስመለስ አብዲ ደጄ ላይ ቁጭ ብሏል። አብዲ የከሰዓቱ ተረኛ ነው፣ ከስምንት ሰዓት ጀምሮ ከእኔ ይረከባል። ጫቱን እንኳ አልያዘም፤ ያን ጊዜ ነው የፈራሁት።

«ላስቲኩን የት አደረግሽው?»

«ሞተሩ እንደቆመ ፈትቼ ነጠላዬ ጫፍ ላይ ቋጥሬዋለሁ።»

«ጣይው እንጂ! ወላሂ ያንን ካገኙ እኔም አንቺም የለንም። ስድስት ልጅ ነው ያለኝ።»

እንግዲህ ልጻፈው። ትናንት የዘለልኩት ይሄ ነው።

ከጥር ወዲህ መብራት ይቆራረጣል። በተቆራረጠ ቁጥር ቀዩ ይበራል፣ ሞተሩ ይቆማል። ጥቁሩን፣ አምስት ቁጠር፣ አረንጓዴውን። በቀን አራት ጊዜ፣ ስድስት ጊዜ። ሁልጊዜም ይነሳል። ስለዚህ ቀዩ ለእኛ «ጥቁሩን ተጫን» ማለት ብቻ ሆነ። በር ሲንኳኳ እንደ መክፈት። ማን እንደሚያንኳኳ አንጠይቅም።

አብዲ ከሰዓት በተረኝነቱ እየተነሳ መጫን ሰለቸው። ከብስክሌት የውስጥ ጎማ ላስቲክ ቀደደና ጥቁሩን ቁልፍ ተጭኖ እንዲይዝ በሳጥኑ ዙሪያ አሰረው። እንደዚያ ሲሆን ቀዩ ቢበራም ሞተሩ አይቆምም። «ማሽኑ ራሱ ያውቃል ተብሏል፣ እኔ ደግሞ ለማሽኑ ረዳት ቀጠርኩለት» ብሎ ያስቀኝ ነበር። ሲሄድ ግን ይፈታዋል።

ዓርብ ዕለት ሳይፈታው ሄደ።

ቅዳሜ ጠዋት ስገባ ላስቲኩ እንደታሰረ አየሁት። ቀዩ መብራት በርቷል። ሞተሩ ይሠራል።

አይቼ አለፍኩ። ቅጹ ላይ ምልክቴን አደረግኩ። ደህና።


ረቡዕ፣ መጋቢት 4

እንቅልፍ የለም። ጠዋት የልብስ ሣጥኔን ከፍቼ አሮጌውን ደብተር አወጣሁ።

ባለቤቴ አስፋው በሕይወት ሳለ የዚህ ጉድጓድ ሞተረኛ ነበር። ሲሞት ቦታውን ለእኔ ሰጡኝ፣ መጀመሪያ በዘበኝነት፣ ኋላ በተረኝነት። ከእሱ የተማርኩት ሥራ እንዲህ ነው፦

ጠዋት ከሁሉ በፊት የጉድጓዱን ክዳን ከፍቶ ገመዱን ማውረድ። ገመዱ ጫፉ ላይ ብረት አለው፣ በየክንዱ ቋጠሮ አለው። ሲወጣ ደረቁን ቋጠሮ መቁጠር።
መዳፍን ቧንቧው ላይ ማኖር። ቧንቧው መቀዝቀዝ አለበት።
ዱላ በሞተሩ ላይ አስደግፎ ሌላውን ጫፍ ከጆሮ ጋር ማጋጠም።
ውሃው ከራቀ ሳራቺኔስካውን፣ የቧንቧውን መዝጊያ፣ ግማሽ ድረስ ማጥበብ። ባሰም ሞተሩን አቁሞ ጉድጓዱን አንድ ሰዓት ማሳረፍ።

አስፋው ቁጥሩን በጭንቅላቱ ነበር የሚይዘው። እኔ ጽሕፈት ስማር በደብተር ማስፈር ጀመርኩ። ማንም አላዘዘኝም። በመጀመሪያው ዓመት ቁጥሮቼ ተገልብጠው ቆመዋል፣ ስድስቴ ጥጃ ትመስላለች። ግን አሉ። በመስከረም ደረቁ ቋጠሮ አሥራ አራት። በጥር አሥራ ስምንት። በመጋቢት ሃያ ሁለት፣ ሃያ ሦስት። ጉድጓዱ ውስጥ ውሃ የሚስበው የቧንቧው አፍ ሃያ አራት ላይ ነው።

የሦስት ዓመት መጋቢት እንደዚያ ነው። ዘንድሮ ደግሞ ዝናቡም ቀርቷል።

ሳጥኑ ሲመጣ ሰይፉ ክዳኑን ቆለፈ። ገመዱንም «ይሄ ቆሻሻ ውሃውን ይበክላል» ብሎ ግምጃ ቤት ጣለው። ደብተሩ ኅዳር ላይ ይቆማል። ከዚያ ወዲያ ባዶ ገጽ ነው።

ሳጥኑን ጠላሁት ብል ግን እዋሻለሁ። ማንም አያየውም ይሄን፣ ስለዚህ እውነቱን ልበል። ወደድኩት። ጉልበቴ አርጅቷል፣ በዱላው መስማት የምችለው በግራ ጆሮዬ ብቻ ነው። ኒሟ ስር ተቀምጦ አረንጓዴ መብራት ማየት ደስ ይላል። አራት ወር ሙሉ አንዴም እጄን ቧንቧው ላይ አላኖርኩም። ክዳኑን እሱ ቆለፈው፣ ቧንቧውን ግን ማንም አልቆለፈብኝም።


ሐሙስ፣ መጋቢት 5

ዛሬ አቦ ነው። ተሳልሜ ስወጣ እግሬ ወደ ከዚራ ሰፈር ወሰደኝ፣ ወደ ሰይፉ ቢሮ።

ሰውየው ከስቷል። ጺሙን አልተላጨም። ለካ ደብዳቤው ለእሱም ደርሶታል። ሠላሳ ዓመት የሚሆነው ልጅ ነው፣ የአዲስ አበባ። እሱ አንቱ ይለኛል፣ እኔ አንተ እለዋለሁ።

«እትዬ ተዋበች፣ ያንን ሳጥን ያስተከልኩት ለእርስዎ ብዬ ነው» አለኝ። «አሥራ ሁለተኛ የጨረሰ ሰው ይተካቸው ሲሉ፣ ማንም ሊሠራበት ይችላል፣ እሳቸው ይቆዩ ብዬ የተከራከርኩት እኔ ነኝ።»

«ማንም የሚሠራውን ነው የሰጠኸኝ?»

«አቀለልኩልዎት።»

«አቀለልከኝ እንጂ።»

ንግግሬ ሳይከብድ አልቀረም፣ ግን አልመለስኩትም።

«ሁሉንም ነገር ለሁሉም ሰው ማስረዳት አይቻልም» አለ።

«ሁሉንም አልጠየቅኩህም። ቀዩን ብቻ ነው የጠየቅኩህ።»

መስኮቱን ያይ ጀመር። ውጭ ጥላው ውስጥ አንድ ጋሪ ፈረስ ቆሞ ዝንብ ያባርራል። ላስቲኩን ልነግረው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። አብዲ ትዝ አለኝ፣ ተውኩት።

መንገድ ላይ ያሰብኩት፦ ላስቲኩን ብናገር አብዲ ያልቅለታል። ካልተናገርኩ ጥፋቱ ምልክት ባደረገችው ላይ ይቀራል። ምልክቱ የእኔ ነው።


ዓርብ፣ መጋቢት 6

አልቋል። ወይም አላለቀም። በቅደም ተከተል ልጻፍ።

አዳራሹ ይሞቃል። ከጠረጴዛው ኋላ አምስት ሰዎች። ሊቀመንበሩ ወታደር የነበረ ሰው ነው፣ ቃል አያባክንም። ሰይፉ በቀኝ፣ እኔና አብዲ በግራ። ላስቲኩ ነጠላዬ ጫፍ ላይ ተቋጥሯል። ለምን እንዳልጣልኩት አላውቅም። እጄ ደጋግሞ ወደዚያ ይሄዳል።

መጀመሪያ ሰይፉ ተናገረ። «ተረኞቹ አስፈላጊው መመሪያ ተሰጥቷቸዋል» አለ። ወደ እኛ አላየም።

ሊቀመንበሩ ወደ እኔ ዞረ። «ጓድ ተዋበች፣ መመሪያው ተሰጥቶዎታል?»

ቆምኩ። ቤት ያጠናሁት ንግግር በሙሉ ጠፋኝ። ደብተሬን ብቻ ዘረጋሁለት። በመስከረም አሥራ አራት ቋጠሮ፣ በመጋቢት ሃያ ሦስት። ገጹን እያገላበጠ ቆየ።

«ማን ጻፈው?»

«እኔ።»

«ኅዳር ላይ ለምን ቆመ?»

«የጉድጓዱ ክዳን ተቆለፈ።» ከዚያ ሳላስበው ወጣኝ፦ «ጓድ ሊቀመንበር፣ ኢንጂነሩን አንድ ነገር ይጠይቁልኝ። ቀዩ መብራት ምን ማለት ነው?»

ሰይፉ ጉሮሮውን ጠረገ። «መብራት ሲቆራረጥ ይበራል። ወይም ውሃው ከቧንቧው አፍ በታች ሲወርድ።»

«ሁለቱም በአንድ መብራት?» አለው ሊቀመንበሩ።

«አዎ።»

«ታዲያ ተረኛው የትኛው እንደሆነ በምን ይለያል?»

«ሳጥኑን ከፍቶ ውስጡን በማየት።»

«የሳጥኑ ቁልፍ የት ነው?»

ሰይፉ እጁን ወደ ኪሱ ከተተና የቁልፍ ማንጠልጠያ አወጣ። ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ያን ትንሽ የብረት ድምፅ አዳራሹ ሁሉ ሰማው።

«እኔ ነኝ ያልነገርኳቸው» አለ ከዚያ። «ግራ ይጋባሉ ብዬ ነው።»

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ለአምስት ቀን ስመኘው የነበረ ቃል ነው። ግን ጺሙን እንኳ ያልተላጨውን ልጅ ሳየው ደስታው አልመጣልኝም።

የኮሚቴው ውሳኔ፦ ለሦስታችንም የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ። ከአንደኛው ጉድጓድ መጠባበቂያ ሞተር ይዛወር። ክዳኑ ይከፈት። ሰይፉ ነገ መጥቶ ሳጥኑን ከፍቶ ያስተምር። ጉዳዩ ለበላይ አካል ይላካል። ይህቺ የመጨረሻዋ ነች የማትጥመኝ።

ደጅ ስንወጣ አብዲ ትከሻዬን ያዘኝ። «አንቺ ሴትዮ፣ ጠበቃ መሆን ነበረብሽ።»

«ዝም በል» አልኩት። ሁለታችንም ስለ ላስቲኩ አላነሳንም።


ቅዳሜ፣ መጋቢት 7

መጠባበቂያው ሞተር ጠዋት ተገጠመ። ሰይፉ ቁልፉን ይዞ መጣ። ሳጥኑን ከፈተው።

ውስጡ ይሄ ነው እንዴ? ሁለት ትናንሽ ነገሮች፣ እያንዳንዳቸው ምላስ የመሰለ ቢጫ ነገር አላቸው። የግራው ምላስ ከወደቀ መብራት ተቆራርጦ ነው፣ ጥቁሩን ተጫን። የቀኙ ከወደቀ ውሃው ወርዶ ነው፣ እንዳትነካ፣ ጉድጓዱን አሳርፍ። አለቀ። እኔ በአንድ ጊዜ፣ አብዲ በሁለት ጊዜ ገባን።

«አቦ፣ ይሄንን በኅዳር ብትነግረን ምን ነበረበት?» አለው አብዲ።

ሰይፉ ጣቱን በጥቁሩ ቁልፍ ዙሪያ ያስኬዳል። እዚያ ላይ ቀለሙ ተፍቋል፣ የላስቲኩ መስመር በሁለቱም ጎን ይታያል። አየው። ከዚያ እኔን አየኝ። አብዲ ገመዱን ለማምጣት ብሎ ወደ ግምጃ ቤት ጠፋ።

የነጠላዬን ቋጠሮ ፈትቼ ላስቲኩን መዳፉ ላይ አኖርኩለት። «ያለፈው ቅዳሜ ጠዋት አይቼው ነበር» አልኩት። «ቀዩም በርቶ ነበር። አይቼ ነው የተቀመጥኩት።» ስለ አብዲ አልተናገርኩም፣ እሱም አልጠየቀኝም። ብዙ ጊዜ ያዘው። ኋላ ኪሱ ከተተው፣ ትናንት ቁልፉን ባወጣበት ኪስ። ለበላይ አካል ይሰጠው፣ ይጣለው፣ አላውቅም። ሲሄድ «ደህና ዋይ፣ እትዬ ተዋበች» አለኝ። አንቺ አለኝ። ይቅር አላልኩትም። ግን ሰማሁት።

ገመዱን አወረድኩ። ሃያ ሦስት ደረቅ ቋጠሮ። ሳራቺኔስካውን ግማሽ አጠበብኩ፣ ሞተሩን አስነሳሁ፣ መዳፌን ቧንቧው ላይ አኖርኩ። ቀዘቀዘ። ከሰዓት ሐዋ ከቦኖው ሰው ላከችብኝ፣ «ውሃው እንደ ሽማግሌ ሽንት ነው የሚወርደው በላት» ብላ። ይውረድ እንጂ፣ ቀጥኖም ይውረድ።

ቅጹን አወጣሁ። «ደህና» በሚለው ፊት ባዶው ቦታ አለ። ምልክት አላደረግኩም፤ ሃያ ሦስት ብዬ ጻፍኩበት። ከበላይ የሚመጣው ይምጣ። ከእንግዲህ ገመዱን ሳላወርድ ደህና አልልም።