የአባዬ ፉጨት

ለውዷ እህቴ ለኬትሊን፦ በረዶው ሳይጠና ሰላምታዬ ይድረስሽ። እንዴት ከርመሻል?

እማዬን ከቀበርን ወዲህ እራት የምሠራው እኔ ነኝ። ኩባንያው ወደ ዲጂታል ዞሬያለሁ ብሎ አባዬ የሠራበትን የፎቶ ፊልም ፋብሪካ ሰኞ በፈንጂ አፈረሰው። ጎረቤታችን ሚስተር ዴሉካ፣ «ሠላሳ ዓመት ጨለማ ውስጥ ሠራህ፤ አሁንማ ፀሐይ ሙቅ እንጂ፣ አንተ ሽማግሌ!» ቢለው፣ አባዬ «ብርሃን አልለመድኩም» አለው።

ከዚያ ወዲህ መጋረጃውን ዘግቶ ይውላል። ፊልሙን ብርሃን እንዳያበላሸው ፋብሪካው ጨለማ ስለነበር፣ ሠራተኞቹ እንዳይጋጩ እያፏጩ ይሄዱ እንደነበር ታውቂያለሽ። ቤትም እንዲሁ ያፏጭ ነበር፤ እኔም እመልስለት ነበር። ከረቡዕ ጀምሮ ግን ዝም ብሏል። ለትምህርት ቤት ጉንፋን ይዞኛል ብዬ እዚሁ ቀርቻለሁ፤ ከክፍል ክፍል እያፏጨሁ እዞራለሁ።

በኅዳር ለምስጋና በዓል ከመጣሽ፣ የበሩን ደወል ተዪውና አፏጪ። ለአንቺ ይመልስ ይሆናል።

በጤና ያገናኘን።

ወንድምሽ ብሬናን