ከባቡር ጣቢያው አምስት ደቂቃ ለሚርቀው ሆቴል አራት ኮከብ ለሰጡልን ኃላፊ

ለተከበሩ የተጓዦች ማረፊያ ምዘና ጽሕፈት ቤት የበላይ ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንቅልፍዎ የተሟላ፣ የሚተኙበት ክፍል ጸጥ ያለ፣ ጉልበትዎም ከማንኛውም ሕመም የተጠበቀ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። ጉልበትዎን ለይቼ ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ጽሕፈት ቤትዎ በየዓመቱ በሚያወጣው የማረፊያ መምሪያ ላይ የሰፈሩትን ርቀቶች በአካል ሄጄ ካየሁ በኋላ፣ ከጻፏቸው ባለሙያዎች መካከል አንዱም ጉልበቱን ለዚህ ሥራ እንዳላስቸገረ ስለ ተረዳሁ፣ ይህን ያህል በቁጠባ የተያዘ ጉልበት እስከ ጡረታ እንዲዘልቅላችሁ መመኘት ተገቢ መስሎኝ ነው።

እኔ ጡረታ የወጣሁ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ባለቤቴ ትምህርቷን ከአሥራ አንደኛ ክፍል ያቋረጠችው እኔን ስታገባ ሲሆን፣ እኔ የሰውን ልጆች ሳስተምር እሷ የእኛን አራቱን ስታሳድግ ኖረናል። ከሦስት ዓመት በፊት የልጅ ልጃችን "እማማ፣ አንቺ ስንተኛ ክፍል ደርሰሽ ነበር?" ብላ ብትጠይቃት "ነይ ራትሽን ብዪ" ብላ አለፈቻት፤ በማግስቱ ግን ማንንም ሳታማክር የማታ ትምህርት ተመዘገበች። ዘንድሮ ለመልቀቂያ ፈተና ደረሰች። የፈተናው አዳራሽ ከምንኖርበት ከተማ የአንድ ቀን መንገድ ስለሚርቅ፣ ለዋዜማው አንድ አዳር የሚሆን ሆቴል የመምረጡ ኃላፊነት በእኔ ላይ ወደቀ። መመዘኛዬ ሁለት ብቻ ነበር፤ አውቶቡሱ ከሚመጣበት አውራ ጎዳና አጠገብ እንዲሆንና፣ ወደ አዳራሹ ከሚወስደው የከተማ ዳር ባቡር በእግር የሚደረስ እንዲሆን። መምሪያዎን ገለጥኩ። "አውራ ጎዳናው ደጃፉ፣ ባቡር ጣቢያው በእግር አምስት ደቂቃ፣ ጸጥታ የሰፈነበት፣ የራሱ አመላላሽ መኪና ያለው፣ አራት ኮከብ" የሚል አገኘሁ። ባለቤቴ "አንተ ሰውዬ፣ ለሰው ደውለህ አትጠይቅም?" ብትለኝ፣ በመንግሥት ማኅተም የወጣን ነገር መጠርጠር ነውር እንደሆነ አስረድቻት ስልኩን አስቀመጥኩ።

ስለዚህም ያጋጠመንን በቅደም ተከተል ላቅርብልዎ።

አንደኛ፣ ስለ አውራ ጎዳናው። መምሪያዎ እውነቱን ተናግሯል፤ አውራ ጎዳናው በእርግጥ ደጃፉ ነው። አውቶቡሳችን በሆቴሉ በር ላይ ሲያልፍ በረኛው ሲያዛጋ እንኳ በግልጽ አይተነዋል። ሆኖም አውቶቡሱ በሙሉ ፍጥነቱ ነበር፤ ባለቤቴ "ወራጅ አለ!" ብትል ሾፌሩ "እናቴ፣ እዚህ ከቆምኩ እኔም ከመንጃ ፈቃዴ ነው የምወርደው" ብሎ ተሳፋሪውን ሁሉ አሳቀባት። ቀጥሎ ባለው መውጫ ታጥፎም ከጎዳናው ማዶ፣ ከባቡር ጣቢያው ግቢ አራገፈን። ለሆቴሉ እንደዚህ ቀርበን፣ ሰላምታ ልንለዋወጥ ምንም ሳይቀረን በማለፋችን ለጽሕፈት ቤትዎ ያለኝ ምስጋና ከፍ ያለ ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ አምስቱ ደቂቃ። ከጣቢያው ግቢ ሆነን ስናይ ሆቴሉ ፊት ለፊታችን ተገትሯል፤ ስሙን ያለ መነጽር አነበብኩት። በመካከላችን ያለው መኪና የሚጋልብበት ጎዳናና፣ በጎዳናው አጋማሽ ደግሞ ከእኔ ቁመት በላይ የሆነ የብረት አጥር ብቻ ነው። ደግነቱ የእግረኛ ድልድይ አለ። እኔ ሻንጣውን፣ እሷ የመጻሕፍት ቦርሳዋን ይዘን ወጣን። ድልድዩ ያማረ ነው፤ መደገፊያው አዲስ ቀለም ተቀብቷል፣ ወለሉም ተጠርጓል። ጎዳናውን ተሻግረን ከሆቴሉ በላይ ስንደርስ ግን ድልድዩ አለቀ። መውረጃ አልተሠራለትም። ለካስ በዚያ በኩል ያለው መውረጃ ለሁለተኛው ምዕራፍ ግንባታ ተይዞ ኖሯል፤ ሁለተኛው ምዕራፍ መቼ እንደሚጀመር የሚያውቅ ሰው እስካሁን አላገኘሁም። ከሥራችን በሆቴሉ ጣሪያ ላይ አንሶላ የምታሰጣ ሴት ቀና ብላ አየችንና "እናንተም መጣችሁ?" አለች፤ በየቀኑ እንግዳ የምትቀበለው በዚህ መልክ እንደሆነ ከድምፅዋ ያስታውቃል። "በየት በኩል ነው የሚወረደው?" ብላት "አይወረድም ጋሼ፣ ይመለሳሉ" አለችኝ። ባለቤቴ መደገፊያውን ይዛ ከሳቅ ብዛት ተንበረከከች። እኔ አልሳቅኩም። በካርታ የሚያስተምር ሰው እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ቆሞ መሳቅ አይሆንለትም።

ወደ ጣቢያው ተመልሰን ወርደን ታክሲ ያዝን። ባለ ታክሲው ሻንጣውን ሲጭን "ማዶ ናችሁ?" አለን። ሆቴሉን በመጽሐፍዎ ከተጻፈው ስሙ ይልቅ "ማዶ" ብለው ነው የሚጠሩት። ጎዳናው በሚፈቅደው አቅጣጫ ብዙ ርቆ ሄዶ፣ ቀድመን ያለፍነውን ማዞሪያ ዞሮ፣ አውቶቡሱ በመጣበት መንገድ እንደገና አመጣን። መንገድ ላይ "መጽሐፉን የጻፉትን ሰዎች እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁለት ልጅ የማስተምረው በእነሱ ነው" ብሎናል፤ ምርቃቱን ሳላጓድል አድርሻለሁ።

ሦስተኛ፣ ስለ ጸጥታው። እንግዳ ተቀባይዋ ልጅ "የባቡር በኩል ይሻላችኋል ወይስ የኋላው?" ስትለን የኋላው ምን እንደሚያሳይ ጠየቅኋት። የጄኔሬተሩን ቤት ነው አለችን። የባቡር በኩል የሚባለው ደግሞ ከባቡሩ በፊት ጎዳናውን ስለሚያሳይ፣ ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር በጠረጴዛው ላይ ያስቀመጥነው ብርጭቆ ውኃ ይንቀጠቀጣል። ባለቤቴ የመጨረሻ ክለሳዋን ያደረገችው በመታጠቢያ ቤቱ ውስጥ፣ በሩን ዘግታ፣ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጣ ነው። እኔ በር ላይ ሆኜ የሒሳብ ጥያቄ እያነበብኩ፣ እሷ ከውስጥ መልሱን እየጮኸች ስትመልስ አመሸን። የመታጠቢያ ቤቱን ጸጥታ የመዘነው ባለሙያ ካለ ምስጋናዬ ይድረሰው፤ እሱ ብቻ ሥራውን በትክክል ሠርቷል።

አራተኛ፣ አመላላሽ መኪናው። አለ። ጎማ የለውም።

አሁን፣ ክቡር ሆይ፣ በቁጥር ያልያዝኩትን ልንገርዎ፤ ቁጥር ብሰጠው ከሌሎቹ ጋር እኩል ይመስልብኛል።

ያ ባለ ታክሲ ጠዋት በጊዜ ሊወስደን ቃል ገብቶ ነበር፤ ቃሉንም የሚያጥፍ ሰው አልነበረም። ነገር ግን ከሆቴሉ ወደ ኋላ ባለው የጎዳናው ክፍል ጭነት መኪና ተገልብጦ መንገዱ ተዘጋ። ወደ ሆቴልዎ የሚመጣው ሁሉ በዚያ አንድ መንገድ ስለሆነ፣ ባለ ታክሲው ከሰልፉ መካከል ሆኖ ደጋግሞ ይደውልልን ነበር፤ መጨረሻ ላይ "አባቴ፣ እኔን አትጠብቁኝ" አለ። ባለቤቴ የክት ቀሚሷን ለብሳ፣ እስክሪብቶዎቿን በላስቲክ አስራ፣ በመስኮቱ ቆማ ነበር። ባቡሯ መጣ። ከማዶ ሲቆም፣ ሰው ሲሳፈር፣ በሩ ሲዘጋ፣ ሲሄድም ሁሉን አየችው። አርባ ሁለት ዓመት አብሬያት ስኖር ያን የመሰለ ፊቷን አይቼ አላውቅም። "ሌላ ባቡር አለ" ብላት "ያንተ መጽሐፍ ነው ያለው?" አለችኝና ወደ ታች ወረደች።

መንገዱ ሳይዘጋ የገባ የዳቦ ቤት መኪና በጓሮ በኩል ቅርጫት ያራግፍ ነበር። ሾፌሩን ለምና አይደለም፣ አዝዛ ነው ያሳመነችው፤ "ልጄ፣ ፈተና አለብኝ፣ ጣቢያው ድረስ ታደርሰኛለህ" ስትለው፣ አንዱ ልጇ የሚፈተን መስሎት "ተፈታኙስ የት አለ?" አላት። "እየተናገረችህ ነው" አለችው። ከአጠገቡ የነበረው ቦታ ለአንድ ሰው ብቻ ስለሚበቃ፣ ለሦስት ዓመት ሳስጠናት የኖርኩት እኔ በሆቴልዎ በር ላይ ከበረኛው ጋር ቀረሁ። መኪናው ሲነሣ እጇን እንኳ አላወዛወዘችልኝም፤ ቀመር በቃሏ እየደገመች እንደሆነ ከከንፈሯ ገብቶኛል።

አዳራሹ የደረሰችው የሒሳቡ ፈተና ከተጀመረ በኋላ ነው። ዘግይቶ መግባት እስከሚፈቀድበት ሰዓት ጥቂት ቀርቶት ስለነበር አስገቧት፤ የባከነው ጊዜ ግን አልተተካላትም፤ ደንቡም አይፈቅድም፤ ደንቡ ልክ ነው። በቀሚሷ ላይ ዱቄት ስለነበር አንዲት ተፈታኝ የጽዳት ሠራተኛ መስላት ወንበሯን እንድታስተካክልላት ጠይቃታለች። አስተካክላላት ተቀመጠች።

ውጤቱ ባለፈው ወር ወጣ። በሌሎቹ ትምህርቶች ሁሉ አልፋለች፤ በጂኦግራፊ ያገኘችውን ብነግርዎ ጉራ ስለሚሆንብኝ እተወዋለሁ። በሒሳብ ለማለፍ አራት ነጥብ ጎደላት። የመልስ ወረቀቷን ሄጄ እንዳይ ተፈቅዶልኝ አይቼዋለሁ። እስከ ደረሰችበት ድረስ አንድም አልሳተችም፤ የመጨረሻው ገጽ ባዶ ነው። በመታጠቢያ ቤት በር ላይ ቆሜ ካነበብኩላት ጥያቄዎች ሁለቱን የሚመስሉ በዚያ ባዶ ገጽ ላይ ነበሩ። ዕድሜ ልኬን የተማሪ ባዶ ገጽ አይቻለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ የተማሪው ነው። ይህኛው ግን የእናንተ ነው፤ ስማችሁን ጽፋችሁ ልትረከቡት ትችላላችሁ።

ይህን ሁሉ አስቀድሜ በግል ጽፌልዎ፣ ቢሮዎም ድረስ መጥቼ ነበር። መስኮቱ ላይ ያለው ልጅ በትሕትና ተቀብሎኝ "አባባ፣ ርቀቱ እኮ በቀጥታ መስመር ነው የተለካው፣ ስሕተት የለውም" አለኝ። በቀጥታ መስመር ለመሄድ ባለቤቴ ክንፍ እንደሌላት ባስረዳው "ታዲያ እሱ የኛ ጥፋት ነው?" ሲል ጠየቀኝ። መዛኞቹስ ሆቴሉን እንዴት እንዳገኙት ብጠይቀው፣ በመሥሪያ ቤቱ መኪና፣ በትክክለኛው አቅጣጫ ሄደው እንደሆነ፣ በረኛውም በር ከፍቶ እንደተቀበላቸው ነገረኝ። አቤቱታዬ ግን በከንቱ አልቀረም። አዲሱ መምሪያ ባለፈው ሳምንት ወጥቷል፤ የእኛን አስተያየት መሠረት አድርጎ ርቀቱ በድጋሚ ተለክቶ "በእግር አራት ደቂቃ" ተብሎ ተስተካክሏል። ይህን ካነበብኩ በኋላ ነው የግል ደብዳቤ እንደማይበቃችሁ ገብቶኝ ይህን በአደባባይ የጻፍኩት።

የምጠይቅዎ ካሳ አይደለም፤ አራቱን ነጥብ ጨምሩላትም አልልም፤ ብትጨምሩላት እሷ ትመልሳለች። የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። "አምስት ደቂቃ" ብሎ የጻፈውንና "አራት" ብሎ ያረመውን ባለሙያ፣ ቢቻል ሁለቱንም፣ ሻንጣ አስይዘው ከባቡር ጣቢያው ግቢ ያሰልፉልኝ። እኔ ከጣቢያው በኩል ቆሜ አስነሣቸዋለሁ። ከሆቴሉ ሲደርሱ የሚፈልጉትን ቁጥር ይጻፉ፤ አምናቸዋለሁ።

ባለቤቴ ይህን ደብዳቤ አንብባ "በዛ፣ ሰውዬው ቤተሰብ ይኖረዋል" ብላ ሁለት አንቀጽ አስወጥታለች። ስለዚህ የተረፈውን የደብዳቤዬን ልስላሴ ለእሷ ደግነት ይቁጠሩልኝ።

ለተጓዥ ሕዝብ የሚያስቡት ሐሳብ ከወንበርዎ ሳይነሡ ዘወትር እንዲሳካልዎ፣ በጎዳናውም ሁልጊዜ በትክክለኛው አቅጣጫ እንዲጓዙ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮትና ከድልድይዎ ጫፍ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ፤ ከዚያ በላይ ዝቅ ልል ብሞክር መውረጃ የለም።

አክባሪዎ፣
ጡረተኛው የጂኦግራፊ መምህር

ማስታወሻ፦ ባለቤቴ ሒሳቡን በመጪው ዙር ደግማ ትፈተናለች። የዚህኛውን አዳር ማረፊያ የምትመርጠው እሷ ራሷ ስትሆን፣ መምሪያዎን ሳትከፍት፣ ወደ ጣቢያው ስልክ ደውላ፣ ዘበኛውን "እናንተ ዘንድ ያለው የመንገደኛ መጠበቂያ ክፍል ሌሊቱን ክፍት ነው?" ብላ ጠይቃለች። ክፍት ነው። አግዳሚ ወንበር አለው፤ ባቡሩ ከፊቱ ይቆማል። ክቡር ሆይ፣ ይህን በሰማችሁ ጊዜ እባካችሁ ኮከብ አትስጡት፤ እስክትፈተን ድረስ ባለበት ይቆይልን።