ሓዳስ ተመልሳ እንዳትገባ

ሐምሌ 18 ቀን 1975፣ ሰኞ

ዝናብ። ሥራ ገባሁ። ግምጃ ቤቱ ውስጥ የማተሚያ ወረቀት ስንደረድር ዋልን። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ቤት።

ልጄ ሓዳስ ከአእምሮ ሆስፒታል ከወጣች ሁለተኛ ቀኗ። መግባቷም ሁለተኛ ጊዜዋ ነበር... አምና አርባ ቀን፣ ዘንድሮ ሃምሳ ሁለት። ገና ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ሦስተኛ እንዳይኖር።

ስንወጣ ሲስተር ጥሩነሽን ጠየቅኳት፦ "ሰው ምን ምን ሲሆን ነው ተመልሶ የሚመጣው?" በጣቷ እየቆጠረች ነገረችኝ። ሳልረሳው ልጻፈው።

1. መድኃኒት ማጓደል። (ጠዋት አንድ፣ ማታ ስትተኛ ሁለት።)
2. እንቅልፍ ማጣት።
3. ቤት ውስጥ ጭቅጭቅ።
4. ከቀጠሮ መቅረት። (ነሐሴ 18 ነው።)
5. ከሰው መራቅ፣ ብቻዋን መዋል።

አምስት ነው። አምስት ነገር መጠበቅ ያቅተኛል?

ሐምሌ 20፣ ረቡዕ

ጠዋት ክኒኗን ስትውጥ አጠገቧ ቆምኩ። "አፍሽን ክፈቺ" አልኳት። ከፈተች። "ምላስሽን አንሺ።" አነሳች።

"አባዬ፣ ጉምሩክ ተቀጠርክ እንዴ?"

እናቷ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። መሳቅ ነበረብኝ?

ማታ ረሂማ በር ላይ አገኘችኝ። ጎረቤታችን ናት፣ ፒያሳ ክርና የልብስ ቁልፍ ትሸጣለች። "ጋሽ ሐጎስ፣ ሓዳስ ከመቀሌ መጣች አሉ። አክስቷ ደህና ናቸው?" ደህና ናቸው አልኩ።

ውሸቱ የኔ ነው። ሆስፒታል ስትገባ ለሰፈሩ መቀሌ አክስቷ ዘንድ ሄዳለች ብያለሁ።

ሐምሌ 24፣ እሑድ

የቀበሌው ሴቶች ማኅበር ስብሰባ ነበር። ሊቀመንበሯ ሚስቴን ለተክርስቶስን ሰው ፊት ጠየቀቻት። "ልጅሽ መቀሌ ስትሄድ ይለፍ ማን ሰጣት? እኛ ዘንድ አልተጻፈም።"

ይለፍ... ይሄን አላሰብኩም። ያለ ቀበሌ ወረቀት ማን ከአዲስ አበባ ይወጣል? ሚስቴ "እጠይቃለሁ" ብላ አለፈች። ቤት ስትመጣ ነጠላዋን እንኳ አላወለቀችም።

"እውነቱን እንናገር" አለችኝ።

"ለማን?"

"ለሁሉም።"

እምቢ አልኩ። ሕመሟ ቀበሌ ፋይል ላይ ከተጻፈ አይፋቅም። ማን ሥራ ይሰጣታል? ማን ያገባታል? ደግሞስ ዛሬ "ይለፍ የት አለ" ያለ ሰው ነገ "ምን ደብቀህ ነው የዋሸኸው" ይላል። ያ ሌላ ነገር ነው። ለዚያ ዓይነት ጥያቄ ተጠርተው የቀሩ ሰዎች አውቃለሁ...

ሓዳስን ከቤት እንዳትወጣ ነገርኳት። ነገሩ እስኪበርድ።

(ቁጥር 5። አውቃለሁ። ግን ለጥቂት ቀን ነው።)

ሐምሌ 29፣ ዓርብ

እሑድ ፍልሰታ ይገባል። ስለት አለብኝ። ሓዳስ ሆስፒታል ሳለች ለእመቤታችን ተስዬ ነበር፦ ልጄ ከወጣችልኝ አሥራ አምስቱንም ቀን፣ ቅዳሜና እሑድ ሳንል፣ ከነቤተሰቤ፣ ቅዳሴ እስኪወጣ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ አንቀምስም። ከነቤተሰቤ ነው ያልኩት። ሓዳስም አለችበት።

የጠዋቱ ክኒንስ? ውሃ ከተጠጣ ጾሙ ተፈታ። ስለት አፍርሼ ደግሞ ብትታመምብኝ?

የነፍስ አባታችንን አባ ገብረዮሐንስን ልጠይቅ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ሄድኩ። "ማን ነው የታመመው?" ቢሉኝ ምን ልል ነው? እሳቸውም መቀሌ ነበረች ብለው ነው የሚያውቁት። ተመለስኩ። ሲስተሯን ልጠይቅ? ደግሞ ያን የሆስፒታል በር... የመሥሪያ ቤት ሰው ቢያየኝስ?

ብዙ አሰብኩ። አገኘሁት። ሦስቱንም ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ከምግቧ ጋር። ከሦስቱ አንድ አይጎድልም፣ ጾሙም አይፈርስም። እኔ ሥራ ላይ ስለምሆን እናቷ ትሰጣታለች።

ሓዳስ "ሲስተሯ ጠዋትና ማታ ነው ያለችው" አለች።

"አይጎድልም እኮ። ሰዓቱ ብቻ ነው።"

"እሺ። አንተ ካልክ።"

ነሐሴ 1፣ እሑድ

ዘጠኝ ሰዓት ላይ በላች፣ ሦስቱንም ዋጠች። አሥር ሰዓት ሳይሞላ ተኛች። እንዴት ያለ እንቅልፍ... እመቤቴ ሰምታኛለች።

ነሐሴ 4፣ ረቡዕ

ከሥራ ስመጣ እንደ ድንጋይ ተኝታለች። "እኩለ ሌሊት ላይ ነቅታ እስኪነጋ ቁጭ ነው የምትለው" አለች እናቷ። ቀን ስለምትተኛ ነው... ይለመዳል።

ክኒኑን ቆጠርኩ። ልክ ነው።

ነሐሴ 7፣ ቅዳሜ

ቶሎ ቶሎ ታወራለች። ዓረፍተ ነገሩን ሳትጨርስ ሌላ ትጀምራለች። ስትበላ ሽሮውን ገፋ አድርጋ "የማን እጅ ነው የሠራው?" አለች። እናቷ አጠገቧ ተቀምጣ።

ከሰዓት በኋላ የጎረቤት ሬዲዮ ተከፍቶ ነበር። ሓዳስ ቀጥ አለች።

"ስሜን ለምን ይጠራል?"

"ዜና ነው ልጄ።"

"ዜናው ውስጥ ነው የሚጠራኝ።"

አምናም በሬዲዮ ነው የጀመራት።

ክኒኑን ሦስት ጊዜ ቆጠርኩ። ልክ ነው። ልክ ከሆነ ለምን...? ትተፋዋለች ማለት ነው። ሌላ ምን ይሆናል?

ነሐሴ 9፣ ሰኞ

ከሥራ አስፈቅጄ በጊዜ መጣሁ። ፍራሿን ገለበጥኩ። ትራሷን ተረተርኩ። ቦርሳዋን፣ የኮቷን ኪስ። ምንም የለም።

"የት ነው የምትደብቂው?"

"ምኑን?"

"ክኒኑን!"

ጮህኩባት። በሕይወቴ ጮኼባት አላውቅም። ለተክርስቶስ መሀላችን ገባች። "ከእኔ እጅ ነው የምትውጠው! ውሃውን የማጠጣት እኔ ነኝ!" ትለኛለች።

ሓዳስ ጥጡን ከመሬት እየለቀመች ወደ ትራሱ መለሰችው። ቀስ ብላ። ከዚያ እንዲህ አለች፣ ቃል በቃል እጽፈዋለሁ፦ "አንተ ካልክ ብዬ ዋጥኩ። አሁን ሌባ ሆንኩ። ውሰደኝ አባዬ። እዚያ ሌሊት ያስተኙኛል።"

ነሐሴ 10፣ ማክሰኞ

ወሰድናት።

ሲስተር ጥሩነሽ "ምን ተለወጠ?" አለች። ሓዳስን አየሁ። ትናገራለች ብዬ ጠበቅኩ። መናገር የነበረብኝ ግን እኔ ነበርኩ።

ተናገርኩ። ጾሙን፣ ስለቱን፣ ዘጠኝ ሰዓቱን።

ሲስተሯ አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። "አባቴ፣ የማታው ማታ የሆነው እንዲያስተኛት ነው። እርስዎ ቀን አስተኝተው ሌሊቱን አስነሱባት። ለምን መጥተው አልጠየቁኝም?"

"ሰው ያየኛል ብዬ።"

"እዚህ ግቢ የሚያይዎት ሰው እንደ እርስዎ የመጣ ነው።"

አስገቧት። ስትገባ ዞር ብላ አላየችኝም። እንዳይመጣ የተጠነቀቅኩትን ሁሉ... በእጄ ነው የሠራሁት።

ነሐሴ 12፣ ሐሙስ

መጻፍ አልቻልኩም።

ነሐሴ 15፣ እሑድ

አባ ገብረዮሐንስ ዘንድ ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ሰምተው እንዲህ አሉኝ፦ "የታመመ ሰው ጾም የለበትም ልጄ። ይሄን ሕፃን ያውቀዋል። የተሳልከው አንተ፣ የጾመችው እሷ። በል የሷን ቀን አንተ ጹምላት።"

ስመለስ ረሂማ ሱቅ ቆምኩ። "ሓዳስ መቀሌ አልነበረችም" አልኳት።

ክር እየጠቀለለች ነበር። አላቆመችም። "እናውቃለን ጋሽ ሐጎስ።"

"ማን ነው የሚያውቀው?"

"ሰፈሩ። ያኔ ታክሲ ውስጥ ስታስገቧት ስትጮህ ማን ያልሰማ አለ? መቀሌ ሲሉን መቀሌ አልን። እንዳይከፋዎት ነው።"

"የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበሯስ?"

"እሷ ብቻ ናት የማታውቀው። ለሷ ማን ምን ይነግራል?"

ሳቄ መጣ። ከዚያ እዚያው ባንኮኒው ላይ ተደግፌ አለቀስኩ። ረሂማ ዞር ብላ ቁልፍ መለየት ጀመረች።

ነሐሴ 23፣ ሰኞ

ከሆስፒታል ወረቀት አስጽፌ ለቀበሌ ሰጠሁ። ሊቀመንበሯ ሁለቴ አነበበችው። "መጀመሪያውኑ እንዲህ አይሉም ነበር?" ብላ ፋይል ውስጥ ከተተችው።

ፋይሉን ማን ያየዋል? አላውቅም። እሱን አሁንም እፈራለሁ።

ነሐሴ 30፣ ሰኞ

ወጣች። ከስታለች፣ ግን ዓይኗ ዓይኔን ያያል። ታክሲ ልጥራ ስላት በአውቶቡስ አለች። አትክልት ተራ ወርደን ጭቃውን እየዘለልን በእግር መጣን። ሰው ሁሉ እያየን። ሁለት ሴቶች አቅፈው ሳሟት። "የት ጠፋሽ?" አሏት። "ታምሜ" አለች። "እግዜር ይማርሽ" አሏት። አለቀ። ያን ሁሉ የደበቅኩት ለዚህ ነበር...?

እናቷ በሩ ላይ "ጓለይ፣ ልጄ" ብላ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች።

ማታ ሓዳስ እጇን ዘረጋች። "መድኃኒቱ እኔ ዘንድ ይሁን።" ሰጠኋት። እጄ ቶሎ አልለቀቀም። ጠበቀችኝ።

ጳጉሜን 5፣ ቅዳሜ

ለዓመት በዓል ሰው ልብስ ያሰፋል፣ የረሂማ ሱቅ ተጨናንቋል። "ሓዳስን ስጡኝ" አለች። ዛሬ የመጀመሪያ ቀኗ። ከምሳ በኋላ ጫማዋን ስታደርግ ኮቴን አነሳሁ።

"ወዴት ነው?"

"ላድርስሽ።"

"አባዬ፣ ፒያሳ እኮ ነው። ስንቅም ልታስይዘኝ ነው?"

ኮቴን ሰቀልኩት። ሄደች። ሱቅ ሲዘጋ፣ አሥራ ሁለት ተኩል እመጣለሁ ብላለች።

ዘጠኝ ሰዓት። ለተክርስቶስ "ከፈራህ ሂድና ከማዶ አይተሃት ተመለስ" አለችኝ። አልሄድም አልኩ። ፍርሃቱ አጠገቤ ተቀምጧል። እኔም ተቀምጫለሁ።

አሥር ከሩብ። ዝናብ ጀመረ። ጃንጥላ አልያዘችም።

አሥራ አንድ ተኩል። ሁለቴ ተነሳሁ። ሁለቴ ተቀመጥኩ።

አሥራ ሁለት ተኩል።

አሥራ ሁለት ከአርባ። ሰው ቢሰድባት? ሬዲዮ ቢከፈት? መንገድ ላይ...

አሥራ ሁለት ከሃምሳ። ገባች። ፀጉሯ በዝናብ በስብሷል። "ራበኝ" አለች።